ለሰላም አትዝፈኑልን፤ ለሞቱት አልቅሱልን

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት፤ ከተስማማችሁ ለሌላው አካፍሉት፤ ካልተስማማችሁ ሞግቱን።

በአገራችን የሰላም ኮንሰርት ምን እንደሚመስል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መድረኩ ሰፊ ነው። ከኋላ ትልቅ ስክሪን ላይ ነጭ እርግብ ትበራለች። ድምፃውያኑ የየብሔረሰቡን ልብስ ተከፋፍለው ለብሰዋል። ባለሥልጣን ይናገራል፤ ስፖንሰር ይመሰገናል፤ ከዚያ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው «ሰላም» የሚል ቃል በየመስመሩ ያለበት ዘፈን ይዘፍናሉ። ጭብጨባ፣ ርችት፣ ወደ ቤት። ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ፣ ስንት ሰው እንደሞተ፣ የሞተውም ማን ይባል እንደነበር ከመድረክ አይነገርም።

ጥቂት ቆይቶ ጦርነት ይመጣል። ያው መድረክ፣ ያው ስክሪን፣ አንዳንዴም ያው ድምፃዊ። ልዩነቱ ልብሱ ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ መሆኑና እርግቧ በታንክ መተካቷ ብቻ ነው። ተመልካቹም ያው እኛ ነን፤ ለሁለቱም አጨብጭበናል።

ሙግቴ ይህ ነው። የሟችን ስም የማይጠራ የሰላም ዘፈን በሁለት ጦርነቶች መካከል የሚመታ የእረፍት ሰዓት ሙዚቃ ነው። የሚያስፈልገን ጸረ ጦርነት ሙዚቃ ነው፤ በመዘምራንና በኦርኬስትራ የሚቀርብ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጸጥ ብለን ተቀምጠን የምንሰማው፣ የሞቱትን የሚያስለቅሰን። ቦታውም ብሔራዊ ቴአትር ወይም የትልቅ ሆቴል አዳራሽ መሆን የለበትም። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ መሆን አለበት።

«ክላሲካል ሙዚቃና ቡራዩ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ታገሡኝ።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ኮቬንትሪ የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ የመኪናና የማሽን ፋብሪካዎች ያሉባት የሠራተኛ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊቱን የጀርመን አውሮፕላኖች ሲደበድቧት አደሩ። ጥንታዊው ካቴድራሏ ተቃጥሎ ግድግዳው ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ አዲስ ካቴድራል ሲሠሩ ፍርስራሹን አላነሱትም፤ ከጎኑ ሠሩ። ዛሬም የሄደ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸዋል።

ለዚያ ካቴድራል ምረቃ የሙዚቃ ደራሲው ቤንጃሚን ብሪተን «የጦርነት ሪኩየም» የተባለውን ሥራ ጻፈ። ሪኩየም በእኛ አነጋገር ጸሎተ ፍትሐት ነው። ስለዚህ «የጦርነት ፍትሐት» ብንለው አንሳሳትም። እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1962 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ብሪተን የላቲኑን ፍትሐት ከዊልፍሬድ ኦወን ግጥሞች ጋር ገመደው። ኦወን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነበር፤ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው በ25 ዓመቱ ተገደለ።

ለብቸኛ ዘማሪነት የታጩት ሦስት ሰዎች አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ ጀርመናዊና አንዲት ሩሲያዊት ነበሩ። ጀርመናዊው ዲትሪሽ ፊሸር-ዲስካው በሁለተኛው ጦርነት ለጀርመን ጦር ተመልምሎ የተማረከ ሰው ነው። ሩሲያዊቷን ጋሊና ቪሽኔቭስካያን የሶቪየት መንግሥት ለመጀመሪያው ዝግጅት እንዳትሄድ ከለከላት፤ በእሷ ቦታ ሄዘር ሃርፐር ዘመረች። በሥራው ማብቂያ ላይ ገዳይና ተገዳይ ከሞት በኋላ ይገናኛሉ፤ የአንዱን ድምፅ እንግሊዛዊው፣ የሌላውን ጀርመናዊው ዘመሩት።

ይህን ክልከላ ልብ በሉልኝ። እርግብ የሚለቅ ዘፈን የትኛውንም መንግሥት አያስፈራም፤ እንዲያውም በጀቱን ራሱ ይሸፍናል። ትናንት የተጋደሉ ሰዎች አንድ መድረክ ላይ ቆመው ለአንድ ሬሳ ሲያለቅሱ ግን ባለሥልጣን ይጨንቀዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ እኛ የበለጠ ይቀርባል። ራልፍ ቮን ዊሊያምስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ በሚያመላልስ ክፍል ውስጥ አገልግሏል። «ዶና ኖቢስ ፓቸም»፣ ማለትም «ሰላምን ስጠን» የተባለው የመዘምራንና የኦርኬስትራ ሥራው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1936 ተሰማ። ቀኑን አስሉት። አዲስ አበባ በፋሽስት ጣሊያን እጅ ከወደቀች ገና አምስት ወሯ ነው። ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ቆመው ከተናገሩ ሦስት ወር አልፏል። በዚያ ዓመት ጄኔቭ ውስጥ እንደ «ሰላም» የተደጋገመ ቃል አልነበረም። ሰላም ሰላም እያሉ ነው ለሙሶሊኒ የለቀቁን። ቃሉ ብቻውን ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ መኖር የለበትም።

ሥራው የት ተሰማ? ለንደን አልነበረም። ሃደርስፊልድ በምትባል፣ በሱፍ ጨርቅ ሽመና በምትታወቅ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ነው። ዘማሪዎቹ ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ ቀን ሥራቸውን ውለው ማታ የሚለማመዱ የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ማኅበራቸውም እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ የቆየ ነው። ኮቬንትሪ የፋብሪካ ከተማ፣ ሃደርስፊልድ የሸማኔ ከተማ። «የሸማኔ ከተማ» የሚለውን ያዙልኝ።

የእኛ ኦርኬስትራ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በ1916 ዓ.ም ማብቂያ ላይ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ በተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ ወላጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የአገሪቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው።

ለዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት የጣሉት እንግዲህ ወላጆቻቸው የታረዱባቸው ልጆች ናቸው። ያስመታናቸው ግን ማርሽ ነው፤ የንጉሥ አቀባበልና የበዓል ሰልፍ። በልባቸው የነበረውን ሐዘን አንድ ቀን እንኳ ንፉልን ያላቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣውም ዩኒፎርም ለብሶ መጣ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አህመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጡ። ወርቃማ የምንለው ዘመን ደመወዙ ከወታደርና ከፖሊስ በጀት ይከፈል ነበር። ለዚህ አልወቅሳቸውም፤ የፍቅር ዘፈን አጠጥተው ያሳደጉን እነሱ ናቸው። ነገር ግን የነሐስ መሣሪያ ከጦር ሰፈር ሲወጣ የለመደው መንገድ አለ። ደርግ በመጣ ጊዜ ኪነቱ ለዘመቻ ተሰለፈ። ጥቅምት 2013 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሲነሳም ያንኑ መንገድ ሳይጠይቅ አገኘው።

ሽለላን፣ ቀረርቶን፣ ፉከራን፣ የኦሮሞን ጌራርሳ አልንቅም። ዓድዋን ያለ ፉከራ፣ አርበኝነትን ያለ ቀረርቶ ማሰብ አይቻልም። ነገር ግን በአባቶቻችን አገር ፉከራ ብቻውን አልነበረም፤ ሙሾ ነበረው። የፎከረው ሰው ሬሳው ሲመጣ አልቃሿ ትቆምና ማን እንደነበረ፣ ማንን ትቶ እንደሄደ፣ ማን እንደላከው ሳትፈራ ትናገራለች። ጀግናም ሆነ ጌታ ከአልቃሽ ምላስ አያመልጥም ነበር። ፉከራ ሲልክ፣ ሙሾ ይቆጥር ነበር።

ዘመናዊው መንግሥት ፉከራውን ወደ መድረክ አወጣው፤ ማይክሮፎን፣ መብራት፣ ኦርኬስትራ ሰጠው። ሙሾውን ግን ድንኳን ውስጥ ተወው። ዛሬ ጦርነት በሙሉ ባንድ ታጅቦ ይሄዳል፤ ሬሳ ግን ያለ ሙዚቃ ይመለሳል፤ ያውም ከተመለሰ።

ሁሉም የየራሱን ሟች

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የሟቾች ቁጥር እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። ቁጥሩ ይከበዳል፣ ይበዛል፣ ያንሳል ብለን መከራከር እንችላለን። ግን ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ሞት የደረሰበት አገር እንዴት አድርጎ አለቀሰ?

በየጎጡ አለቀሰ። ትግራይ በጥቅምት 2016 ዓ.ም የሦስት ቀን ሐዘን አውጃ ተዋጊዎቿን አሰበች። በዚያ ሦስት ቀን ጎንደር፣ ወሎ፣ ሰመራና አዲስ አበባ ሥራቸው ላይ ነበሩ። የወሎና የአፋር እናትም ለራሷ ልጅ ለብቻዋ ያለቀሰች ጊዜ መቀሌ ሥራ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በአማራም በኦሮሚያም ሌላ ሬሳ ተጨመረ፤ እሱም በየወገኑ ስልክ ላይ፣ በየወገኑ ቋንቋ፣ በየወገኑ ዘፈን ታጅቦ ይዞራል።

ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ተገደለ። ድምፃዊ ነበር። ከግድያው በኋላ በኦሮሚያ በተፈጠረው ሁከት 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በምርመራ ሪፖርቱ ገልጿል። ያኔ ምን እንዳደረግን አስታውሱ። ለሃጫሉ ያለቀሰው አብዛኛው ለእነዚያ አላለቀሰም፤ ለእነዚያ ያለቀሰው አብዛኛው ለሃጫሉ አላለቀሰም። ሁለት ለቅሶ ቤት፣ ሁለት ድንኳን፣ አንዱ የሌላውን እንባ «የፖለቲካ ነው» ብሎ የሚጠራጠር።

ለራሱ ሟች ብቻ የሚያለቅስ ለቅሶ ጥቂት ቢቆይ ፉከራ ይሆናል። ለቀጣዩ ጦርነት የሚመለመለው ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው ትእዛዝ አይደለም፤ የወገኑን ለቅሶ ነው። ጸረ ጦርነት ሙዚቃ ሥራው ይህን ሰንሰለት መበጠስ ነው፤ የእኔን ሟች ስም ከአንተ ሟች ስም ጋር በአንድ ዜማ ውስጥ ማስገባት።

ለምን ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ?

ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ሰበታ ፋብሪካ የበዛባት፣ ሜታ ቢራ የሚጠመቅባት የሠራተኛ ከተማ ናት። ሦስቱም የኦሮሞ ገበሬ አገር ሆነው፣ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ የገፋው፣ ከገጠር እንጀራ ፍለጋ የመጣው፣ ከየአቅጣጫው የተሰባሰበው ሕዝብ አብሮ የሚኖርባቸው ናቸው። አገሪቱ ሲያማት ትኩሳቱ በመጀመሪያ የሚታየው እነዚህ ከተሞች ላይ ነው። የመንገድ መዘጋት፣ የጎማ ጭስ፣ «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ።

መስከረም 2011ን አስታውሱ። ከመስከረም 4 እስከ 6፣ እንቁጣጣሽ ገና ሳይደርቅ፣ ቡራዩና አካባቢዋ ውስጥ ሰዎች በማንነታቸው ተለይተው ተገደሉ፤ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ከ50 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ዘገቡ። ሺዎች ሸሽተው አዲስ አበባ ውስጥ በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ነበሩ። በማግስቱ አዲስ አበባ ውስጥ ግድያውን የተቃወሙ ሰልፈኞች በጥይት ሞቱ። ያኔ ቁጣችን ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ከዚያ ሌላ ዜና መጣ።

ሁለት ነገሮችን ግን መርሳት የለብንም።

አንደኛው አርባ ምንጭ ላይ የሆነው ነው። የወገኖቻቸው ሞት ዜና ሲደርሳቸው ሊበቀሉ የወጡ ወጣቶች ፊት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ በሽማግሌዎቹ ላይ ተራምደው ማለፍ አልቻሉም፤ ተመለሱ። ሣሩን የያዙት ሟቾቹን ረስተው አይደለም፤ ሐዘናቸው ከማንም የበለጠ ነበር። ያው ሣር በኦሮሞ ኢሬቻ በሕዝቡ እጅ አለ። በእንቁጣጣሽ በልጃገረዶች እጅ ከአደይ ጋር አለ። ቡራዩ ላይ ገዳይም ሟችም በተባሉት ማኅበረሰቦች ባህል ውስጥ የሰላም ምልክቱ አንድ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ የሚገርም ነው። የጋሞ ደጋ ልጆች፣ በተለይ ዶርዜዎች፣ በዓለም የሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ የሚታወቁት በሽመና ብቻ አይደለም፤ በብዙ ድምፅ ዝማሬም ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀድቶ አሳትሞታል። አብዛኛው የአገራችን ዝማሬ አንድ ሰው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሁሉም አንድ ዜማ ይላል። ዶርዜዎች ግን የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ይዘው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየገባ፣ ማንም የራሱን መስመር ሳይለቅ አብረው ይዘምራሉ።

«የመዘምራን ሙዚቃ የፈረንጅ ነው» ለሚል መልሱ እንግዲህ ቡራዩ ውስጥ፣ ከሸማ ዕቃው ጀርባ ተቀምጧል። የኢትዮጵያን ታላቅ የብዙ ድምፅ ዝማሬ የሚያውቁ ሰዎች በማንነታቸው የተገደሉበት ከተማ ነው። በእንቁጣጣሽ የምንለብሰውን ነጠላ፣ ስናዝንም ዘቅዝቀን የምንደርበውን ነጠላ የሚሸምኑልን እነሱ ናቸው። ሃደርስፊልድ የሸማኔ ከተማ ነበረች ብያችሁ ነበር። የእኛዋ ቡራዩ ናት።

«ነገር ግን…» ለሚሉ

«ክላሲካል ሙዚቃ የሀብታም ቅንጦት ነው።» እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ጠይቁ። በ1929 ዓ.ም ፋሽስቶች ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት አጋዟቸው፤ ከቤተሰባቸውም ገደሉባቸው። ከነፃነት በኋላ መነኑ፤ በባዶ እግራቸው ኖሩ፤ ፒያኖውን ግን አልተዉም። የመዝገቦቻቸው ገቢ ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ። መጋቢት 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ እስኪያርፉ ድረስ ያንን ሙዚቃ ቅንጦት ብለው አላዩትም።

«ቋንቋው አይገባንም።» በአውሮፓ ፍትሐት መግቢያ ላይ ያለው «ኪሪዬ ኤሌይሶን» የሚለው የግሪክ ቃል የሰበታዋ እናት በሰሙነ ሕማማት እየሰገደች የምትለው «ኪርያላይሶን» ነው። ካርል ጄንኪንስ ለኮሶቮ ሰለባዎች መታሰቢያ ያደረገው «የታጠቀው ሰው» የተባለው የሰላም ቅዳሴ ውስጥ ያንኑ ኪርያላይሶን ከመስጊድ አዛን ጋር አንድ ሥራ ውስጥ አስገብቶታል። ሁለቱን ድምፆች ጎህ ሲቀድ በአንድነት ለሚሰማ የሱሉልታ ሰው ይህ ከቶ እንግዳ አይሆንም።

«መሣሪያውስ?» እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን ሲያቋቁም ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና አንድ ላይ አቀናጅቷል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬም ቫዮሊኑንም ማሲንቆውንም ያስተምራል። ችግሩ የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ለማርሽና ለርችት ቀን የነሐሱ ባንድ ከየት ይመጣ ነበር?

«ሰው ዳቦ ሳያገኝ ኮንሰርት?» ለሰላም ኮንሰርት ስክሪንና ርችት ገንዘብ ሲወጣ ይህ ጥያቄ ለምን አይነሳም? እኔ የምለው የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ወንበርና ዝምታ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው። ደግሞም ድሀ ቀብሩን ዕድር አዋጥቶ ያስተናግዳል። በዚህ አገር ሐዘን ቅንጦት ሆኖ አያውቅም።

«ቁስል መቆስቆስ ነው።» ይህ ከሁሉ የሚያናድደኝ ነው። የሚለውም ብዙ ጊዜ ቁስሉ የሌለበት ሰው ነው። ልጇን የቀበረች እናት ቁስሏ የሚቆሰቆሰው ሌላው እንዳልሞተባት አድርጎ ሲያልፍ ነው።

«ገዳይንና ሟችን እኩል ልታደርግ ነው?» አይደለም። ኮንሰርት ፍርድ ቤትን አይተካም። የገደለ ይጠየቅ፤ ያስገደለም ይጠየቅ። አገሩን ሊከላከል የወጣና ጎረቤቱን ሊዘርፍ የወጣ አንድ አይደሉም። ሙዚቃው የሚለው ነገር ከዚህ ያንሳል፣ ግን ከዚህ ይቀድማል፤ ሁሉም ሬሳ የሰው ልጅ ሬሳ ነው፤ ሁሉም ይቆጠር። በዚህ ያልተስማማ ሕዝብ በፍርድ ሊስማማ አይችልም።

እንግዲህ እንዲህ ይሁን

ቀኑ ከመስከረም 4 እስከ 6 ይሁን፤ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል። መጀመሪያ ቡራዩ፣ ቀጥሎ ሰበታ፣ ቀጥሎ ሱሉልታ። መግቢያ በነፃ፤ ቦታው የትምህርት ቤት ሜዳ።

መዘምራኑ የየከተማው ሰዎች ይሁኑ። በእነዚህ ከተሞች ሰንበት ትምህርት ቤት ያለው ደብር፣ መዘምራን ያለው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን፣ መንዙማ የሚያውቅ መስጊድ ሞልቷል። ሰበታ የዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት፣ የመርሐ ዕውራን ከተማ ናት፤ ጆሮ ከሚያውቁ ልጆች የተሻለ ዘማሪ ከየት ይመጣል? የዶርዜ ዘማሪዎች እንደ ጌጥ መሃል ላይ ገብተው የሚጨፍሩ ሳይሆኑ የዝግጅቱ አከርካሪ ይሁኑ። አፋን ኦሮሞ የአስተናጋጁ ቤት ቋንቋ ነውና ይቅደም፤ ጋሞኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ ይከተሉት።

ስም ይጠራ። በዝማሬው መካከል፣ ቤተሰቡ የፈቀደለት ሟች ሁሉ፣ ብሔርና ማዕረግ ሳይጨመርበት፣ ከእነ አባቱ ስም ብቻ ይነበብ። ወታደሩም ገበሬውም፣ የሸማኔውም የባለ ባጃጁም።

የባለሥልጣን ንግግር አይኑር፤ መምጣት የሚፈልግ መጥቶ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ መሬት ላይ ይቀመጥ። የስፖንሰር ባነር አይኑር። እርግብ አይኑር። ጭብጨባም አይኑር፤ ለቅሶ ቤት አይጨበጨብም።

ይህን ማድረግ የሚችሉ ሰዎች አሉ። የያሬድ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ለምረቃ በዓል ብቻ አታዘጋጁ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች ሆይ፣ ስለ ሰላም በጋራ መግለጫ ስታወጡ ዓመታት አለፉ፤ አንድ ጊዜ ልጆቻችሁን በአንድ ሜዳ አዘምሩ። እናንተ ደግሞ ስማችሁ የገነነ ድምፃውያን፣ ትናንት ለዘመቻው ዘፍናችኋል፤ ማንም አስገድዷችሁ ይሁን ወዳችሁ ዛሬ አልጠይቅም። ያኔ የላካችኋቸው ልጆች ግን አልተመለሱም። ድምፃችሁን ሲሸኛቸው ሰምተውታል። ዕዳ አለባችሁ።

ፉከራውን ሰምተን ጨርሰናል። አሁን አልቃሿ ትምጣ፤ መድረኩም፣ ማይክሮፎኑም፣ ኦርኬስትራውም ለእሷ ይሰጥ።